የያዲራ ሽማግሌዎች

ያዲራን መጀመሪያ ያየኋት ቀን ተቆጣኋት። የተቆጣኋት ደግሞ በአማርኛ ነው፤ ችግሩ የመጣውም ከዚያ ነው።

በፈረንጆቹ 2020፣ ቅጠሉ መርገፍ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ኮለምበስ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ዌርሃውስ የማሸጊያውን መስመር የምመራው እኔ ዘርፌ ነኝ። ያኔ ሁላችንም ማስክ አድርገን ስለምንሠራ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ የምናየው ግማሽ ፊቱን ብቻ ነው። የዚህች ልጅ ግማሽ ፊት ያለቀለት ሐበሻ ነበር፤ ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ ወደ ኋላ የተጎነጎነው ጸጉሯ ሳይቀር።

«ደህና አደርሽ የኔ ልጅ፤ ካርቶኑን በዚህ በኩል አዙሪው» አልኳት። ዝም።

«አንቺን እኮ ነው!» አልኩ። አሁንም ዝም። ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ደግሞ ስናደድ መደበቅ አልችልበትም። «ገና ከመምጣትሽ ቋንቋሽን ጠላሽው?» ብዬ መስመሩ በሙሉ እስኪሰማ ለቀቅኩባት።

አጠገቤ የምትሠራው ሙኒራ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ዘርፌ፣ ባጇ ላይ ስሟን አየሽው? ያዲራ ነው እኮ የሚለው።»

«ታዲያ ያዲራ የኛ ስም አይደለም?» ብዬ ተሟገትኩ። ልጅቷ መቼም ስለሷ እንደምናወራ ገብቷታል፤ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ በጣቷ ደረቷን ነካችና «ኢኳዶር» አለች። ሙኒራ ያን ቀን ሙሉ ስትስቅብኝ ዋለች፤ ዛሬም አልጨረሰችም።

ያዲራ መኪና እንደሌላት፣ እኔ ባለሁበት ዋይትሆል ሰፈር፣ ከኔ አፓርትመንት ሁለት ሕንጻ አለፍ ብሎ እንደምትኖር የሰማሁት በኋላ ነው። ስለበደልኳት ለጥቂት ቀን ራይድ ልስጣት አልኩ። ያ ጥቂት ቀን ከዓመት በላይ ሆነ።

የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር ለአንድ ሰው አይበቃም፤ ቢሆንም መንገድ ለመንገድ ሕይወቷን አጫወተችኝ። የተወለደችው ውቅያኖሱ ዳር፣ እስሜራልዳስ በምትባል ከተማ ነው። ኳስ የጀመረችው አሸዋ ላይ፣ በባዶ እግሯ፣ ከወንድሞቿ ጋር ነው። አሸዋ ላይ የለመደ እግር ሳር ሲያገኝ ማንም አይይዘውም ትላለች። አሥራ ስድስት ሲሞላት ኪቶ ያለ ክለብ ወሰዳት፤ ከተማው ተራራ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ አካባቢ ከኳሱ ይልቅ አየሩን ስታሳድድ ነበር። ለአገሯ ወጣቶች ብሔራዊ ቡድን በአጥቂነት ተሰለፈች። ከዚያ ኮሎምቢያ፣ ከዚያ ቦሊቪያ፣ ከዚያ ስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን። አንዱ ክለብ ይፈርሳል፣ ሌላው አሰልጣኝ ይቀይራል፣ እሷም ሻንጣዋን ታነሳለች። አሜሪካ የመጣችው አንድ ክለብ ልሞክርሽ ብሏት ነው፤ ልክ ስትደርስ ኮሮናም ደረሰ። ሙከራው ተሰርዞ ኮለምበስ ያለች አክስቷ ዘንድ ቀረች፤ አክስቷ ናት ዌርሃውሱን ያሳየቻት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት አንድ ጠዋት።

«ሃያ ስምንት።»

«ገና ልጅ ነሽ!»

«ለአጥቂ አሮጊት ነኝ እትዬ» አለችኝ። እትዬ ማለትን ያስተማረቻት ሙኒራ ናት።

በቀጣዩ ዓመት ጨዋታ ሲፈቀድ፣ በበጋ ሊግ የሚጫወት የከተማው የሴቶች ቡድን ተቀበላት። ልምምዱ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ስለሆነና ልጄ ሃኒ እዚያው ስለምትማር፣ ከሥራ በኋላ ያዲራን ሜዳ አድርሼ ሃኒን ማየት ልማዴ ሆነ። ሃኒ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ የምትፈልገው ነገር ሲኖር ግን አማርኛዋ ይጣፍጣል። ሁለታችን ከሜዳው ጥግ ቆመን ያዲራን እናያለን። ስለ ኳስ የማውቀው የለም። እሷ ኳስ ስትይዝ ግን ሌሎቹ ልጆች ሥራ እንደበዛባቸው ይገባኛል።

አንድ ቀን ስመልሳት የሰማችው ወሬ መኪናው ውስጥ አላስቀምጥ አላት። ሜክሲኮ ያለ ክለብ ተጫዋች የሚመለምልለት ሰው ልኳል፤ በሰኔ መጨረሻ፣ የመጨረሻውን የሜዳቸውን ጨዋታ ሊያይ ይመጣል።

«ካየኝ አየኝ። ካላየኝ ታኬታዬን ለአክስቴ ልጅ እሰጣለሁ። ይኼ የመጨረሻዬ ነው» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔም ጉዳይ ሆነ። መስመር ላይ ከባድ ካርቶን እንዳትነካ ከለከልኳት። ሱፐርቫይዘሩ ምነው ሲለኝ ዝም ብዬ አየሁት፤ ሄደ።

ጨዋታው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ግን፣ ሰኞ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ስትገባ ያ የስፖርት ቦርሳዋ የለም።

«ታኬታሽስ?»

«ፊኒሽ» አለች መስኮቱን እያየች። «ቅዳሜ ከኮች ጋር ተጣላን። አልመለስም።»

«ምን አድርጋሽ?» ብል፣ «ምን አድርገሻት?» ብል፣ ሌላ ቃል አልወጣት አለ። እኔ ቅዳሜ ሥራ ስለነበርኩ ጨዋታውን አላየሁትም። ምሳ ሰዓት ብሬክ ሩም ውስጥ ለሙኒራ ነገርኳት።

«ሽማግሌ እንላክ» አልኩ።

«ለፈረንጅ?»

«ፈረንጅ አይታረቅም?»

ሙኒራ አሰበችበትና «ጋሼ ለማ ካሉበት እኔም አለሁ» አለች። ጋሼ ለማ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሥራ ጡረታ ወጥተው ከሰው ጉዳይ ግን ጡረታ ያልወጡ ሰው ናቸው። በዚህ ከተማ ስንት ባልና ሚስት እንዳስታረቁ እሳቸውም አያውቁትም። ደውዬ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጅቷ ወላጅ አላት እዚህ?» የለም አልኩ። «እንግዲያው እኛ ነን» አሉ። ሽምግልና የወንድ ነው የሚል ካለ፣ ኮለምበስ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የሌለበት ወንድ ፈልጎ ያምጣልኝ። ከሥራ አስፈቅጄ ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ፤ ሃኒን ለአስተርጓሚነት ያዝናት።

«ማሚ፣ ኖ። ዚስ ኢዝ ሶ ኢምባራሲንግ» አለች ሃኒ።

«እፈሪ፤ ግን ነይ።»

ኮች ብሬንዳ የምትኖረው ፍራንክሊንተን ሰፈር፣ በረንዳዋ ትንሽ የተዘነበለ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ስንደርስ ደጇ ላይ ተንበርክካ የቲማቲም ችግኝ ትኮተኩታለች። ጋሼ ለማ በዚያ ሙቀት ሱፍ ለብሰው ጋቢ ደርበዋል። ሃይማኖት ልንሰብክ የመጣን መስሏት መሰለኝ፣ «አይ አም ጉድ፣ ታንክ ዩ!» አለች ከሩቅ። ቀጥላ የሙኒራን ሂጃብና የኔን የአንገት መስቀል ስታይ ግራ ገባት።

ሃኒ የያዲራ ወገኖች ነን ብላ ስታስረዳት ፊቷ ተፈታ። የፕላስቲክ ወንበሮች አውጥታ ለኮሮናው አራርቃ ደረደረች። አልተቀመጥንም። ሎሚናት በበረዶ አመጣች። አልነካንም።

«ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ ጋሼ ለማ። «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም፤ ውሃም አንቀምስም።»

ሃኒ አይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረጎመች። «እሺ የምለው ምኑን ነው?» አለች ኮቿ። ወንበሩ ባዶ ሲቀር እሷም አልተቀመጠችም፤ በተጫዋችነቷ ሁለት ጊዜ የተቀደደ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ አብራን ቆመች። ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

ጋሼ ለማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ የልጅቷ አባትና እናት ምትክ ነን። አጥፍታ ከሆነ ጥፋቷ የኛ ነው። ተቆጥተውም ከሆነ እውነትዎን ነው። ግን ይህቺ ልጅ ከዚህ ጨዋታ ውጪ ተስፋ የላትም። ስለ ሽበቴ ብለው ይማሯት። ድንጋይ ተሸከም ቢሉኝም እሸከማለሁ» አሉና ንግግር ብቻ ሲመስለን፣ ዝቅ ብለው ከቲማቲሙ መደብ ዳር አንዱን ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሃኒ።

«ሰር! ፕሊዝ!» ኮች ብሬንዳ ዘላ ድንጋዩን ያዘች። ጋሼ ለማ አይለቁም። ሁለቱ በአንድ ድንጋይ ሲጓተቱ ጎረቤት ያለው ሰውዬ ሳር ማጨጃውን አጥፍቶ ያየን ነበር። ሃኒ፣ ምስጋና ይግባትና፣ ድንጋይ መሸከም በኛ ዘንድ ይቅርታ መለመኛ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ አስረዳች። ኮቿ እጇን ከድንጋዩ ላይ አላነሳችም። አይኗ እርጥብ ብሏል።

«እኔ እኮ አላባረርኳትም» አለች በመጨረሻ። «የታፋዋ ጅማት እየያዛት ነበር፤ ስትሮጥ አየሁት። ለዚያ ለሜክሲኮው ሰው ጤነኛ ሆና እንድትደርስልኝ ብዬ ቀየርኳት። ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ማሊያዋን አውልቃ ወርውራ ሄደች። ስደውል አታነሳም።» ከዚያ በጣቷ ወደ ጓሮ አሳየችን። ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

እርስ በርስ ተያየን። ጋሼ ለማ ድንጋዩን ቀስ ብለው አወረዱ። «ታዲያ የተሳሳተ ደጅ ነው የቆምነው» አሉ።

ማሊያውን ተቀብለን በቀጥታ ወደ ዋይትሆል ነዳሁ። ያዲራ ያለችው ፎቅ ላይ ነው፤ ጋሼ ለማ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። አክስቷ ሥራ ላይ ናት፤ ያዲራ በፒጃማ ከፈተችልን። በሯ ላይ እንደዚያ ተሰልፈን ስታየን ሰው የሞተ መሰላት።

«ኮችሽ አላባረረችሽም» አልኳት ገና ሳልገባ። «ለእግርሽ ብላ ነው የቀየረችሽ! ስልክሽን ለምን አታነሺም? ያንን ሁሉ ለፍተሽ፣ ሰውዬው ሊመጣ ሲል ነው የምትጠፊው?» ቁጣዬን መያዝ አቃተኝ። ሙኒራ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

ያዲራ ሶፋው ላይ ያለውን ልብስ ጠራርጋ ተቀመጡ አለችን። ጋሼ ለማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃኒ በሃይ ስኩል በተማረችው ስፓኒሽ፣ እሺ ካላለች እንደማንቀመጥ ነገረቻት። በራሷ ቋንቋ ስትሰማው ጊዜ ነው መሰለኝ የያዲራ አፍ የተፈታው። ከዚያ ሁሉ ወጣ። ሃኒ እየተከተለች ተረጎመችልን።

«ሁሌም በቅያሪ ነው የሚጀምረው። ኪቶም እንደዚያ ነበር፣ ኮሎምቢያም፣ ስፔንም። መጀመሪያ ትንሽ እረፊ ይሉሻል። ቀጥሎ ተቀያሪ ወንበር። ቀጥሎ ስልክሽን አያነሱም። አሁን እነሱ ሳይሉኝ እኔ እሄዳለሁ። ያ ይሻላል። በዚያ ሁሉ ክለብ ሻንጣዬን ሳነሳ አንድም ቀን፣ አንድም ሰው፣ ቅሪ ብሎ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሙኒራም። ጋሼ ለማ ግን በሩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ይኸው አንኳኳን» አሉ።

አላመነችም፤ አገጯን ደረቷ ላይ ደፋች። እኛም አልተቀመጥንም። ቆየን። ደረጃው ያደከማቸው የጋሼ ለማ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሱሪያቸው ሲርገበገብ ሁላችንም እናያለን፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን አልለወጡም።

«ተቀመጡ፣ በናታችሁ!» ብላ ጮኸች ያዲራ።

«እሺ በያ» አሉ ጋሼ ለማ።

ማሊያውን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝና አፍንጫዋን ጠረገችበት። «እሺ» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፤ መስመር ላይ ከኔ ጋር ስትሠራ ከሁሉ በላይ የምትለው እሱን ነበር። ሦስታችንም አንድ ላይ ሶፋው ላይ ወደቅን። ጋሼ ለማን ቀና ለማድረግ ኋላ ላይ ሁለት ሰው አስፈለገ።

የጨዋታው ቀን የሜዳውን አንድ ጠርዝ የማሸጊያው መስመር ሠራተኛ ሞላው፤ ሺፍት የቀየሩም አሉ፣ ታመምኩ ያሉም አሉ። እኔ ጎል ያልሆነውን ሁሉ ጎል ነው ብዬ ጮኼ ሃኒን አዋረድኳት። ያዲራ የገባችው ከዕረፍት በኋላ ነው። ቅያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳያት ተነስታ የምትሄድ መስሎኝ ዓይኔን ከሷ አልነቀልኩም። አልሄደችም። ኮች ብሬንዳ ታፋዋን ዳሰስ አድርጋ ወደ ሜዳ ስትሰዳት፣ ያዲራ ወደኛ ዞራ ጋሼ ለማን ፈለገች። አገኘቻቸው። የመጡት ለማየት ነውና ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀምጠዋል።

ጎሉ የመጣው እንዲህ ነው። በግራ በኩል ኳሱን ተቀበለች፤ ተከላካይዋ ተለጠፈችባት። ያዲራ ቆም አለች። እግሯን ኳሱ ላይ አስቀምጣ እዚያው ቆመች። ተከላካይዋም ቆመች። ከዚያ ወገቧን ወደ ውጭ አሳይታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ልጅቷ ብቻዋን ወደ ማዕዘኑ ሮጠች። በረኛዋ ስትወጣ በውስጥ እግሯ ቀስ ብላ ወደ ጥጉ ላከችው፤ ኳሱ ሳይቸኩል መረብ ገባ። ሙኒራ እልል ስትል ዳኛው ሳይቀር ዞረ። የሜክሲኮው ሰውዬ ቡናውን ይጠጣ ነበር፤ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ነው ልቤ ያረፈልኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ ጥሩ ሰው ሆኜ እቀር ነበር።

ሰውዬው ያን ቀን ምንም አላለም። ወራት አለፉ። በኅዳር ወር አንድ ቀን ሙኒራ ቴፕ እየቆረጠች «መቼም ያዲራ ለጃንዋሪ መሄዷ ነው፤ ማን ይሆን ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ ያንቺን ሬዲዮ የሚቀይረው?» አለችኝ። የት ነው የምትሄደው? ሜክሲኮ። ፈርማለች። ሙኒራ ታውቃለች፣ ጋሼ ለማ ያውቃሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ እንኳ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ፤ በየጠዋቱ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ!

አኮረፍኩ። ራይድ ግን አልከለከልኳትም፤ እየነዳሁ ነው ያኮረፍኩት። በሩን እከፍትላታለሁ፣ ማሞቂያውን ወደሷ አዞርላታለሁ፣ ቃል አይወጣኝም። «እትዬ፣ ልነግርሽ ፈራሁ» አለችኝ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። «እትዬ ዘርፌ» አለችኝ ሌላ ቀን እያለቀሰች። መስታወቱን አስተካከልኩ። ዲሴምበር እንዲሁ አለቀ። ለዕረፍት ቤት የመጣችው ሃኒ «ማሚ፣ ዩ አር ቢይንግ ኤ ቤቢ» አለችኝ፤ ለእሷም ራት አልሠራሁላትም።

ነገ ትበራለች የተባለ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። በረዶ እየጣለ ነው። ስከፍት ኮች ብሬንዳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ጋሼ ለማ በጋቢ፣ ሙኒራ ሳቋን ውጣ። ኮቿ ትከሻዋ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማለች።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ» አልኩ ደንግጬ።

ገቡ። አልተቀመጡም። ሃኒ ከክፍሏ ወጥታ ሳትጠራ መሀል ላይ ቆመች፤ ለካ ዶልታለች። ኮች ብሬንዳ ፎጣውን ገለጥ ስታደርገው ያ የቲማቲሙ መደብ ድንጋይ ነው።

«ቆመን ነው የምንናገረው» አለች፤ ሃኒ ተረጎመች።

«ጋሼ፣ እርስዎም?» አልኩ።

«እኔ ተከትዬ ነው የመጣሁት» አሉ ጋሼ ለማ። «ዳኛዋ እሷ ናት።»

«ያዲራ ታች መኪና ውስጥ ናት» አለች ኮቿ። «ሻንጣዋ ተዘግቷል። እትዬ ካላናገረችኝ አልሄድም ብላለች፤ እኔ ደግሞ አውቃታለሁ፣ ታደርገዋለች።»

«ማን ያዛት? ትሂድ!» አልኩ። ከዚያ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። «እንድትቀር አንኳኩቼ፣ ለምኜ፣ አልቅሼ… ልጄን ያህል ነው የወደድኳት። አሁን ማንን ነው ማለዳ የምጠብቀው?»

ሃኒ ይህን ስትተረጉም ድምጿ ቀነሰ። ኮች ብሬንዳ ድንጋዩን በትከሻዋ እንዳለ አስተካከለች።

«ባለፈው የመጣችሁት ቅሪ ልትሏት ነው» አለች። «ይኼኛው ይከብዳል። እኛ የመጣነው ሂጂ እንድትያት ነው። ከዚያ ሁሉ ክለብ ስትወጣ ማንም ሂጂ ብሎ መርቆ አልሸኛትም።»

እኔም ቆሜያለሁ። ዝቅ ብዬ ስመለከት የኮቿ ጉልበት፣ ያ ሁለት ጊዜ የተቀደደው፣ ሱሪዋ ውስጥ ይርገበገባል። ፊቷ ላይ ግን ምንም የለም።

ሄጄ ድንጋዩን ከትከሻዋ ተቀበልኳት። ከበደኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ወንበር ሳብኩላት።

«ሃኒ፣ ውረጂና ጥሪያት» አልኩ። «ጫማዋን በረዶ እንዳያርሰው በይልኝ፤ ነገ የምትሄደው ሞቃት አገር ነው።»